ሲያዩዋት የምትቆም ቆጣሪ

እማማ አጥፉ በርጩማቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ከቆጣሪዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አልተዉም። ፍሪጁን ነቅለዋል፤ ሬዲዮው ከተነቀለ ቆይቷል፤ የሳሎኑ አምፖል ድሮም ቀን አይበራም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ቀጭን ክብ ብረት ግን ትዞራለች። ያውም እየተጣደፈች።

«ማነው አንቺን የሚያስሮጥሽ?» አሏት።

ጥቂት ዞረችና ቀጥ አለች፤ ኮቴ ሰምቶ ትንፋሹን እንደዋጠ ሌባ። እማማ አጥፉን የበለጠ ያስጠረጠራቸው መዞሯ ሳይሆን ይኼ መቆሟ ነው። የምትዞር ቆጣሪ ሥራዋን ትሠራለች። ሲያዩዋት የምትቆም ቆጣሪ ግን ከጀርባዋ ሰው አለ።

ስሙን ያወጡላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር «አጥፉ!» የምትለዋ ድምፃቸው አጥር አልፋ መንገድ ላይ ትሰማለች። ዕድሜያቸውን የደንብ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላም መስኮት ሥር በተቀመጠች የእግር ስፌት መኪና ዚፕ ይቀይራሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ፤ ፀሐይ ስትዞር መኪናዋን እየገፉ ብርሃኑን ይከተላሉ። ካውያ የሚግለው በሳምንት አንዴ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ሱሪ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ፤ መሐረቡ ካውያው ከተነቀለ በኋላ በተረፈው ሙቀት ይተኮሳል። እንዲህ ባለ ቤት የመብራት ሒሳብ ዘልሎ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ግድግዳ የምትጋራቸውን ፀጉር ሠሪ ነው። ሄደው ደንበኞቿ መሃል ቆሙ።

«ልጄ፣ ሽቦሽ የሚመጣው በየት በኩል ነው?»

«ምነው እማማ፣ ፀጉርዎን ልሠራዎት ነው?» ሴቶቹ ሳቁ።

«ፀጉሬን ተይውና ሽቦሽን አሳዪኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ አሳየቻቸው። ሽቦው ከመንገዱ ምሰሶ ተነስቶ በራሷ ቆጣሪ ነው የሚገባው፤ የእሳቸውን ግድግዳ አይነካም። እማማ አጥፉ በጣታቸው ተከትለው እስከ ጫፉ አዩት።

«ቅር እንዳይልሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

«አይከፋኝም። ግን እማማ፣ የውጭ ሌባ በሌሊት ይመጣል። የእርስዎ በጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሚሠራው፣ ቁልፍ ያለውን ሰው ይጠይቁ።»

ቁልፍ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ምራታቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ማለዳ ስትወጣ የመኝታ ክፍሏን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ልጃቸው እቤት ሳለ ያ በር ተቆልፎ አያውቅም። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሲሄድ ይቆያል። ባለፈው ሊሄድ ሲል ጉንጫቸውን ስሞ ጆሯቸው ሥር የነገራቸው ነገር እስካሁን እንደ መርፌ ይወጋቸዋል፤ «እማዬ፣ ለብቻችን ቤት እንከራይ እያለች ትወተውተኛለች። እኔ ግን አንቺን ጥዬ የትም አልሄድም። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።»

በማግስቱ ነው ነገሩ የጀመረው። ያን ዕለት ሊታጠቡ ሲገቡ ውሃው ቀዘቀዘባቸው፤ ምራቴ ቀድማ ጨርሳዋለች ብለው ቂም ያዙባት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየማለዳው ቧንቧውን ሲከፍቱ ውሃው ይጋረፋል። እሳቸው ቦይለሩን የሚያበሩት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ታጥበው እንደወጡ ያጠፉታል። ታዲያ እሳቸው ሳይነሱ የሚያፈላው ማነው? ስልኳንስ እቤት ሰክታ የማታውቀው ለምንድነው? የተቆለፈው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ዛሬ ማምሻውን ልጃቸው ይገባል። የሚሉትን አሰናድተዋል፤ «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ።» ይህን ሲያስቡ ግን ልባቸው ይፈራል። እሷን ከመረጠስ? ባዶ ቤት ውስጥ ለማን «አጥፉ» ሊሉ ነው?

ምራታቸው ባሏ ስለሚመጣ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ፣ ፌስታል አንጠልጥላ፣ እያሳለች ገባች።

«እንዴት ዋሉ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን። ቆጣሪዋም ደህና ናት፤ ስትሮጥ ዋለች።»

ፌስታሉን እንዳንጠለጠለች እንደገና ሳለች።

«ጉንፋኑ አልለቀቀሽም?»

«አልለቀቀኝም።»

«እንዴት ይልቀቅሽ? በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ንፋስ መውጣት!»

«በፈላ ውሃ?» ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። «ማን? እኔ?»

«አይ፣ ጎረቤት ነው ገብቶ የሚታጠበው።»

«እማማ፣ ልጅዎ ከሄደ ጀምሮ ሙቅ ውሃ ገላዬን ነክቶት አያውቅም። ምን ያስለኛል ብለው ነው? እርስዎ ካስቆረጡብኝ በኋላ የሙቁን ቧንቧ በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

«ምኑን ነው ያስቆረጥኩብሽ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ነገር አታዟዙሪብኝ። ክፍሉን ክፈቺው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። እማማ አጥፉ አዩት። ደሟ ወርዶ ከንፈሯ ሲደርቅ አዩና በልባቸው ‹አገኘሁሽ› አሉ።

«ምን አለ ብለው ነው?»

«ሲከፈት አየዋለኋ። ምድጃ ይሁን፣ ማሞቂያ ይሁን። ስልክሽስ በጸሎት ነው የሚሞላው?»

«መድኃኒት ቤት ነው የምሞላው! እዚህ ስሰካ ‹አጥፉ› ይሉኛላ።»

«ክፈቺው አልኩ።»

ከፈተችው። እማማ አጥፉ ደፉን ተሻግረው ዙሪያውን ቃኙ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ወንበር ላይ የታጠፈ ነጭ ጋዋን። ምድጃ የለም። አልጋው ሥር ግን የመድኃኒት ካርቶኖች በሲባጎ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል።

«ይኼስ?»

እማማ አጥፉ ጎንበስ ብለው የአንዱን ሲባጎ ጎተቱ። ያገኙት ሰሃን ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ከሥሩ ለሠርጓ የተሰጣት ብርድ ልብስ። ሽቦ ያለው ነገር የለም። ዕቃ አስራ ልትሄድ! የልጃቸው ሹክሹክታ እውነት ነው ማለት ነው። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከአልጋው ራስጌ ግድግዳ ላይ አረፈ። በሳቸው ክፍል፣ ከበራቸው ጎን ያለችውን የምትመስል ነጭ ማብሪያ ማጥፊያ።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?»

«ያቺ ያስቆረጡብኝ ናት። የቦይለሩ።»

«የቦይለሩ ማብሪያ እኔ ክፍል ነው ያለው።»

«ልጅዎ ነው የሠራልኝ። ሊሄድ ሲል መታጠቢያ ቤት በር ላይ የነበረውን ነቅሎ እዚህ አመጣልኝ። ‹ማለዳ ስትመላለሺ እማዬን እንዳትቀሰቅሻት፤ ለሷ ግን እንዳትነግሪያት፣ ቅንጦት ትለዋለች› ብሎ። በማግስቱ አብርቼ ብጠብቅ ውሃው ጭራሽ ቀዘቀዘ። ደርሰውበት ያስቆረጡብኝ መስሎኝ እንዳለ ተውኩት።»

እማማ አጥፉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ለሳቸውም ያኔውኑ ነው የሠራላቸው። «እማዬ፣ በጨለማ እንዳትሄጂ ከበርሽ ጎን አደረግኩልሽ። ለሷ እንዳትነግሪያት፤ ለእናትህ ብቻ ታስባለህ ትለኛለች።» ቃል በቃል ነው የሚያስታውሱት፤ ደስ ብሏቸው ነበርና።

«ውጪና ቆጣሪዋን ተመልከቺ» አሉ ድንገት።

ምራታቸው ከበረንዳው ጮኸች። «ትዞራለች!»

እማማ አጥፉ የአልጋውን ራስጌ ማብሪያ ገፉት። «አሁንስ?»

«ቆመች!»

መልሰው ገፉት። «አሁን?»

«ዞረች!»

ተነስተው ወደ ክፍላቸው ሄዱና በየማለዳው የሚነኳትን የራሳቸውን ወደ ማብሪያው በኩል፣ ወደታች ተጫኗት። «አሁንስ?»

«ቆማለች፣ እማማ!» ምራታቸው እየሳለች ተመለሰች። «እንደ ደረጃ መብራት አያይዞታል። የመድኃኒት ቤታችን መጋዘን እንደዚያ ነው፤ ከላይም ከታችም ይበራል። አንዱ ወደታች እንደተጫነ ከቀረ የሌላው ሥራ ይገለበጣል። እኔ የኔን ወደታች ትቼው ስለሄድኩ፣ እርስዎ ሲያበሩት ይጠፋል፤ ሲያጠፉት…»

«ይበራል።»

በየማለዳው ታጥበው ወጥተው፣ እጃቸውን አድርቀው፣ «አጠፋሁ» ብለው እፎይ ሲሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ ያቃጠሉት ራሳቸው ናቸው። ውሃው ሲግል ዝም፣ ሲቀዘቅዝ ብድግ የሚለው ቦይለሩ ነው ቆጣሪዋን ሲያስሮጥ ሲያስቆም የከረመው። ፀጉር ሠሪዋን ለሽቦዋ ሲሉ ሰው ፊት ማቆማቸውም ትዝ አላቸው። ፊታቸው ጋለ።

ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሌላስ?»

«ምን ሌላ?»

«ሌላስ ምን ‹እንዳትነግሪያት› ብሎሻል?»

ምራታቸው ጋዋኗን ከወንበሩ አንስታ ሳያስፈልገው እንደገና አጠፈችው። «ቤት እየፈለግኩ ነው ብሎኛል።»

«እሱማ አንቺ ወትውተሽው ነው።»

«እኔ?» ካርቶኖቹን አየቻቸው፣ እሳቸውን አየቻቸው። «‹እማዬ ደክሟታል፣ ለብቻዬ ልኑር ትላለች፤ እንዳትጠይቂያት፣ ታፍራለች› ነው ያለኝ። ካልፈለጉኝ ብዬ ነው ማሰር የጀመርኩት። እንዳያዩትና እንዳያዝኑ ክፍሉን ቆለፍኩ።»

እማማ አጥፉ ቶሎ አላመኗትም። ስፌት ጥሩ ነው መጥፎ የሚባለው ተገልብጦ ነው፤ ፊቷን እንደዚያ አድርገው መረመሩት። እየዋሸች ይሆን? ግን ‹እንዳትነግሪያት› የምትለዋን ክር አወቋት። እሳቸው ጆሮ ሥር የተሰፋው ነገር፣ እሷም ጆሮ ሥር የተሰፋው፣ ከአንድ የክር ድውር የወጣ ነው።

«እኔ ለብቻዬ ልኑር ብዬ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም እንከራይ ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ መሄድ የፈለገው ማነው?»

ከመንገዱ ማጠፊያ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ልጃቸው ሰፈር ሲደርስ እንደሚያደርገው ሁለቴ።

«ሁለት ወዶ አይሆንም ብዬ አሳድጌው ነበር» አሉ እማማ አጥፉ። «ይኼው፣ ሁለት ማብሪያ ሠራ።»

ምራታቸው ልትስቅ ብላ ሳል አቋረጣት። እማማ አጥፉ ብርድ ልብሱን ከካርቶኑ አውጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። «ከነገ ጀምሮ በሙቅ ውሃ ታጠቢ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።»

«እሺ፣ እማማ። ካርቶኖቹን ልፍታቸው?»

«ተያቸው። ወደ ሳሎን አውጪልኝ፤ ሲገባ ይያቸው።»

አንድ በአንድ እየገፉ አወጧቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጭ የመኪናው ሞተር ጠፋ።

«አምፖሉን አብሪው» አሉ እማማ አጥፉ።

«ገና አልመሸም እኮ።»

«አብሪው። ሲዋሽ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።»

በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ፈገግ ብሎ ገባና መሃል ላይ ፈገግታው ቆመ። መጀመሪያ ያየው ካርቶኖቹን አይደለም፤ አምፖሉን ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ? መብራት በርቷል!»

«ግባ» አሉት። «ሁለታችንም አለን።»