የአምባው ምት በአባቴ መስክ

ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ፈረንጆቹ ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ የአባቴ የመገርሳ የግጦሽ መስክ ነበር። ይህን ማንም አይጽፈውምና እኔ ልጻፈው። ከብቶቻችን ተባረሩ፤ እኔ ልጁ በዚያው ሳር ላይ የፈረንጅ ዱላ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ሜዳው ባዶ መስሎኝ አንዲት ኳስ ብመታ፣ የዱላው ባለቤት በጥፊ አጮለኝ። ማየትን ግን ሊከለክለኝ አልቻለም። ማን እንዴት እንደሚመታ፣ የማን ኳስ ለምን እንደምትሰንፍ ሁሉንም አይቻለሁ።

በኋላ ወደ ጣቢያው የዕቃ ጫኝነት ሥራ ልጠይቅ ስሄድ፣ ባቡሩን ከመስመር ወደ መስመር የሚያዞረው ሐዲድ ቀያሪ አምባው በሰው ፊት «ይሄ ከብት ጠባቂ ባቡሩ በሬ መስሎት ነው የመጣው» አለ። ሳቁብኝ። ሥራውን አገኘሁት፤ ሳቁን ግን አልረሳሁትም።

ያው አምባው ነው እንግዲህ ከዓመታት በኋላ እቤቴ ድረስ የመጣው። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ይግቡ ጋሼ» አልኩት። ሚስቴ ዲንቄ ባትኖር አላስገባውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ የጣቢያ ሹም «የአምባው እጅ ደክሟል፣ ሐዲድ መቀየሪያውን ይልቀቅና ዘበኛ ይሁን» ይላል። እሑድ ደግሞ ፈረንጆቹ የጣቢያውን ሠራተኞች ለጨዋታ ጋብዘዋል። ኳስ መትቶ ሜዳውን የሚያቋርጠውን ወንዝ ማሻገር ነው። የአምባውን ስም ያስገባው ሹሙ ራሱ ነው።

«ሆን ብሎ ነው» አለ አምባው። «እጄ እንደማይሠራ በሰው ፊት ሊያሳይ። ከተሳቀብኝ ሰኞ ዘበኛ ነኝ። አንተ አመታቱን ታውቀዋለህ፣ አሳየኝ።»

«መሳቂያ መሆን ይከብዳል» አልኩት።

ገባው መሰለኝ፣ አቀረቀረ። ማባረር እችል ነበር። ግን ባርኔጣውን በጣቶቹ ሲያሽከረክር ሳየው አንጀቴ አልቻለም።

ፈረንጅ የጣለው አንድ አሮጌ ዱላ ነበረኝ፤ ጓሮ ወጣን። ሰውዬው የሚመታው እንደ ገና ጨዋታ ነው፤ ዱላውን ብድግ፣ በክንዱ ብቻ ዱብ። መሬቱ ይቆፈራል፣ ኳሷ እዚያው ናት። ሲስት ደግሞ ይብስበታል፣ ይቸኩላል።

«ጋሼ፣ የሚቀማዎት የለም። ማን ያሯሩጥዎታል?»

«ቀርፋፋ ነህ ሲሉኝ እፈጥናለሁ።»

«ለዚህ ነው የሚስቱት። የደከመ ክንድ በችኮላ አይፈጥንም። ያ የመቀየሪያ ዘንግ ግራሶው ደርቆ እምቢ ሲልዎት በክንድዎ ነው የሚገፉት?»

«አብጃለሁ እንዴ? እግሬን ተክዬ፣ ወገቤን አዙሬ፣ ሰውነቴን እጥልበታለሁ።»

«ታዲያ ይኸውም እንደዚያው ነዋ።»

ዱላውን አነሳ። ከዚያ ጀርባውን ኳሷ ለምትሄድበት አቅጣጫ እስኪሰጥ ድረስ ዞረ። የግራ ተረከዙ ቢነሳበት «ይነሳ፣ ይተዉት» አልኩት። ዱላውን እንዳያንቀው፣ ኳሷን ወደ ፊተኛው እግሩ እንዲያስጠጋት፣ ዱላው ከላይ ሲደርስ ለአፍታ ትንፋሽ እንዲሰጠው ነገርኩት። ወገብ ይቀድማል፣ ዱላ ይከተላል። ደጋግሞ ሳተ። በመጨረሻ ኳሷ ከዲንቄ ጎመን መሀል ተነስታ የጎረቤታችን የኦልጅራ ቆርቆሮ ላይ አረፈች።

«ማነው ጣራዬን የሚደበድበው?» አለ ኦልጅራ ከውስጥ።

አምባው ከአጥሩ ሥር ተጎንብሶ አፉን በባርኔጣው አፍኖ ሳቀ። ያን ሽማግሌ ሲስቅ እንዲያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም።

እሑድ ሜዳው ላይ ሹሙ ራሱ እንጨት የሆነውን ረጅሙን ዱላ አቀበለው። «ይሄ ነው የወንድ!»

አምባው ወደ እኔ አየ። ጓሮ ሳለን «ረጅሙ ፈጣን ክንድ ይፈልጋል፣ ፊቱ ወደ ላይ ያጋደለውን አጭሩን ብረት ይጠይቁ፣ ኳሷን እሱ ያነሳልዎታል» ብዬው ነበር።

«አጭሩን ስጡኝ» አለ።

«የሴቶቹን?» አለ ሹሙ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጆሮዬ ጋለ፤ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ይቸኩላል ብዬ ፈራሁ። አልቸኮለም። እግሩን ተከለ፣ ጀርባውን ለወንዙ ሰጠ፣ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ሰጠው፣ ከዚያ ሰውነቱን ጣለበት። ኳሷ ከፍ ብላ፣ ረጋ ብላ ሄዳ፣ ማዶ የጭቃው ጠርዝ ላይ ዱብ አለች። ለጥቂት ነው፤ ግን ማዶ ነው።

«ማን አስተማረህ?» አለ ሹሙ።

«የመገርሳ ልጅ፣ ሮሪሳ። ይሄ መስክ የአባቱ ነበር።»

ፈረንጆቹ አልገባቸውም። ሹሙ ግን ገብቶታል፤ የቆመበትን ሳር አየ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ዱላዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ዛሬ ተሸካሚ አለመሆኔ ትዝ ሲለኝ ጣልኳቸው።

ሰኞ ባቡሩ ሲመጣ አምባው መቀየሪያው ላይ ነበር። ወገቡን አዙሮ፣ ሳይቸኩል ጣለበት፤ ባቡሩ በመስመሩ ገባ። ሹሙ በመስኮት አየው፤ የዘበኝነቱም ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

«ከብት ጠባቂ» ስላለኝ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልረሳሁም። ከሥራ መልስ ኳስ ሊመታ ጓሮዬ ይመጣል፤ ዲንቄ ጎመኗን አጥራለች።