የኃላፊው መጋረጃ

ፈይዛ በዕድሜዋ ሰው ጠልታ አታውቅም ነበር። መጋረጃ ግን ጠላች። የጠላችው መጋረጃ የአለቃዋ የአቶ ጥላሁን ነው፤ ደማቅ ቀይ፣ ከኮርኒስ እስከ ወለል የሚጎተት፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ የተንዘረፈፈበት። ውሎ አድሮ ባለቤቱንም ጠላችው፤ እሱም ጥላቻዋን ያለ ምላሽ አላስቀረባትም።

መሥሪያ ቤቱ መካነ ሰላም ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች አንዱ ነው፤ ስሙ ለማንም አይጠቅምም። ግንቡ ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው ጥርብ ድንጋይ ነው። ምን ያደርጋል፣ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ ሰሜን ነበር። ሠራተኛው ጋቢ ደርቦ፣ ጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ፣ በአንድ እጁ እየሞቀ በአንድ እጁ ማኅተም ይመታል። ባለጉዳዩን ከደጅ ይልቅ ውስጥ ይበርደው ነበር።

ፈይዛ የመሥሪያ ቤቱ የሕንጻ ባለሙያ ናት። ከዞን «ኃይል ቆጣቢ የመንግሥት ሕንጻ» የሚል ፕሮጀክት ሲመጣ ሌላው ስለ አበሉ ጠየቀ፣ እሷ ስለ ጣሪያው። ከአቀስታ ገበያ የበግ ፀጉር በጆንያ አስጭና አስመጣች፤ አሳጥባ፣ አስበጥራ፣ በኮርኒሱ ላይ አስነጠፈችው። በደቡብ በኩል ግንቡን አስፈልፍላ ሰፋፊ መስኮት አስገጠመች። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ በመስኮቱ ትገባለች፣ ድንጋዩ ሙቀቷን ይጠጣል፣ ሲመሽ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሠራተኛው «ፈይዛ በግ አለበሰችን» እያለ ሳቀባት። ይሳቁ አለች በሆዷ።

እሷን ያንገበገባት ቢሮው አልነበረም። ከከተማው በላይ ደጋው ላይ አንድ ጤና ጣቢያ አለ፤ እዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ደግሞ የእናቶች ማቆያ የሚሉት ክፍል። ወሊዳቸው የደረሰ ሴቶች ከየቀበሌው መጥተው ምጣቸውን የሚጠብቁበት፣ ከወለዱም በኋላ የሚያርፉበት ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ሥር ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት። አምና በታኅሣሥ እህቷ ሩቂያ እዚያ ወልዳ አደረች። የነጋው ለሩቂያ ብቻ ነበር። አዋላጇ ሀዲያ የቀዘቀዘውን ሕፃን በደረቷ አቅፋ ልታሞቀው ስትታገል ነው ፈይዛ የደረሰችው።

የፕሮጀክቱ ደንብ አጭር ነበር። ቢሮው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚፈጀው መብራት በሲሶ ከቀነሰ፣ በመጨረሻውም ቀን ገምጋሚው ሲመጣ ክፍሎቹ ያለ ምድጃ ሞቀው ከተገኙ፣ ቀጣዩ ጥገና የማቆያው ይሆናል። አንድ ምድጃ እንኳ በርቶ ከተገኘ ሁሉም ውድቅ ሆኖ ገንዘቡ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

መስኮቱ በተገጠመ በሳምንቱ አቶ ጥላሁን መጋረጃውን ሰቀለ። ፈይዛ ሳታንኳኳ ገባችበት።

«ይኼን ያወርዱታል።»

«አንቺ ማነሽና ነው የምታዢኝ?»

«ፀሐይዋን ዘጉብኝ እኮ! ግንቡን ያስፈለፈልኩት ለዘርፍ ማንጠልጠያ ነው?»

«ስሚ» አለ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «የኃላፊ ቢሮ ያለ መጋረጃ ሱሪ እንደሌለው ሰው ነው። አላፊ አግዳሚው ሻይ ስጠጣ ይየኝ?»

«ሥራ ሲሠሩ ቢያይዎት ነውር የለውም ነበር።»

በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። «ለአለቃ ተገቢውን ክብር ባለመስጠት» ይላል። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጦርነት ሆነ። እሷ በየቢሮው እየዞረች ጠረጴዛ ሥር እያጎነበሰች ምድጃ ትሰበስባለች፣ እሱ ከኋላዋ «የሠራተኛን መብት የምትነካ» እያለ ስሟን ያጠፋል። ሠራተኛውም «ምድጃ ነጣቂ» የሚል ስም አወጣላት። ሰላምታ የነፈጋት አለ፤ ወንበሯ ላይ ውሃ ያፈሰሰባትም አለ። በኅዳር መጨረሻ ግን ሰዉ ሳይታወቀው ጋቢውን ማውለቅ ጀመረ። አመሰግናለሁ ያላት የለም። ቆጣሪው ግን ወረደ፤ በሲሶ ብቻ አይደለም፣ ወደ ግማሽ ተጠጋ። በዚህች መሥሪያ ቤት ሐሜት የማይችል እሱ ብቻ ነው ብላ ቆጣሪውን ወደደችው።

የቀረው የኃላፊው ክፍል ነበር። ፈይዛ ኩራቷን ዋጠችና ገባች።

«ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ገምጋሚው ሐሙስ ይመጣል። ረቡዕ መጋረጃውን ይግለጡልኝ፣ ምድጃውን ይንቀሉልኝ። አርብ መልሰው ይስቀሉት፤ ወላሂ ቃል አይወጣኝም።»

አቶ ጥላሁን መለመኑን ወደደው። «እሺ፣ ለአንቺ ሳይሆን ለእናቶቹ ስል» አለ። ተላላኪዋ እታገኘሁ ብርጭቆ ለማንሳት ገብታ ነበርና ምስክር ሆነች።

ሐሙስ ጧት ፈይዛ ገምጋሚውን ከመናኸሪያ ተቀበለችው። ኢንጂነር ኪዳን ይባላል፤ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ፣ ኪሱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ የያዘ ሰው ነው። ግቢው በር ላይ እታገኘሁ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አፈር ስሆን ፈይዛዬ፣ እኔ የለሁበትም። እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።»

«ምን አዘዙሽ?»

እታገኘሁ ገምጋሚውን አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መጀመሪያ ሌሎቹን ክፍሎች ዞሩ። ኪዳን በየክፍሉ መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል፣ ይጽፋል። ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰና «ጥሩ ነው» አለ። ፈይዛ በሦስት ወር ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው ጥሩ ቃል ነበር። በመጨረሻ ወደ ኃላፊው ክፍል መራችው።

በሩ ሲከፈት ወበቁ ፊታቸውን መታቸው። መጋረጃው እስከ ጥጉ ተዘግቷል፤ መብራት በርቷል። ከሆቴል የተለመኑ ሦስት ምድጃዎች፣ አንዱ ከእንግዳው ወንበር ጀርባ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ ፍም መስለው ቀልተዋል። አቶ ጥላሁን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ግንባሩ በላብ ወዝቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ይሙቁ! የእኛ አገር ብርድ እንግዳ አያውቅም።»

ኪዳን ምድጃዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። መለኪያውን ከኪሱ ሳያወጣ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይኸው ጠፉ!» ብላ ጮኸች ፈይዛ፤ ምድጃዎቹን ከሶኬት ነቀለቻቸው። «አይጻፉ፣ አፈር ልብላ፣ አይጻፉ! ይኼ ሰውዬ ነው እንጂ ሕንጻው...»

«የአንቺ ሥራ ጥሩ ነው» አለ ኪዳን ቀስ ብሎ። «ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም። እኔ ብተወው እንኳ ቆጣሪው መዝግቦታል።» «ውድቅ» የሚለውን ቅጽ ፈረመና አንዱን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

አቶ ጥላሁን ፊቱ ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ? እንግዳ ነው! እንግዳ በብርድ ይቀመጣል እንዴ? ሰው ከሞቀውና ከጎረሰ ወረቀቱ የት ይሄዳል? በጉም ታርዷል!» የከፋው ግን ከልቡ መናገሩ ነበር። ደንቡን አልረሳም፤ ደንብ ከመስተንግዶ በላይ የሚሆንበት አገር አለ ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።

ኪዳን በጉን ሳይቀምስ ሄደ። ፈይዛ አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ወጣች፣ መጋረጃውን ከነብረቱ ገነጠለችው። ፀሐይዋ ዘው ብላ ገብታ የአቶ ጥላሁንን ጠረጴዛ፣ አቧራውን፣ ላብ ያጠመቀውን ፊቱን አሳየች።

«የመንግሥት ንብረት ነው! አስቀምጪ!»

«ማቆያውም የመንግሥት ነበር» አለች። መጋረጃውን ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸክማ ወጣች። ሠራተኛው በየበሩ ቆሞ አያት፤ «ምድጃ ነጣቂ» ያላት አልነበረም።

በሳምንቱ ደብዳቤ ተጻፈባት፤ በአምስት ቀን ውስጥ መጋረጃውን ካልመለሰች ደመወዟ ይታገዳል። ፈይዛ ከደብዳቤው ጀርባ በእጇ ጻፈች፦ «መጋረጃው ደጋው ላይ፣ ማቆያው ውስጥ ነው። ራስዎ መጥተው ይውሰዱት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና መጣ። ሾፌሩን ከበር አቁሞ፣ የንብረት መረከቢያውን ቅጽ በኪሱ ይዞ፣ በእርጥብ ጭቃ ጫማውን እየረገመ ማቆያው ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ወርዶ ግቢውን ሸፍኖታል።

ውስጥ አምስት ሴቶች አሉ። መጋረጃው ለሁለት ተቀዷል። ግማሹ በሩ ሥር ካለው ክፍተት ጀምሮ ነፋስ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል። ሌላው ግማሽ ጥጉ ላይ ባለው አልጋ ነው፤ ትናንት የወለደች ሴት ከነልጇ ተጠቅልላበታለች። ከወርቃማው ዘርፍ ሥር የሚታየው የሕፃኑ አፍንጫ ብቻ ነው። ፈይዛ ከአልጋው አጠገብ የሀዲያን ፋኖስ ይዛ ቆማለች።

«በሩን ዝጉት!» አለች ሀዲያ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ። «ብርድ ያስገባል።»

ዘጋው። ቅጹን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ፤ እጁ እዚያው ቀረ።

ፈይዛ አንዲት በርጩማ አንስታ ከሲሚንቶው ወለል መሐል፣ ነፋሱ ገና ካልተደፈነበት ግድግዳ ፊት አኖረችለት።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አቶ ጥላሁን» አለች። ድምጿ ውስጥ አንዲት ጠብታ ምሕረት አልነበረም። «እንግዳ ነዎት።»

ሴቶቹ ሁሉ ያዩት ነበርና እንቢ ማለት አልቻለም፤ ተቀመጠ። ብርዱ ከበርጩማው ተነስቶ በጀርባው ወጣ። መጀመሪያ ጉልበቱን ገጠመ፣ ቀጥሎ ኮሌታውን አነሳ። ወደ አልጋው ያይና ወዲያው ወደ ወለሉ ይመለሳል። ምድጃ ላምጣልዎት ያለው የለም፤ ማቆያው ውስጥ ምድጃ የሚሰካበት ሶኬትም የለም።

ፈይዛ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ተኩል ነው።

«የከፋው ብርድ ገና አልመጣም» አለችው። «ሩቂያ እስኪነጋ ነው የቆየችው።»