የላንድሮቨሩ ወንበር

ጽጌ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ተነሥታ በረንዳዋን ጠረገች፤ ሻይ አፈላች፤ የተማሪዎቿን ፈተና ማረም ጀመረች። አሶሳ የአዲሱ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በበዓል ቀን እንኳ የመዶሻ ድምፅ አይጠፋም፤ በየሜዳው ቢሮ ይሠራል። በዚያ ሁካታ መሐል የምታውቀው ሞተር ሲያስል ሰማች። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች።

ነጋዴው ምንያህል ላንድሮቨሩን ደጇ ላይ አቁሟል። መኪናው የባሏ የአምላኩ ነበር። አምላኩ ሲሞት ለምንያህል ሸጠችለት፤ እሱም ከሸርቆሌ ጥሬ የፍየል ቆዳ ሲያመላልስበት ከረመ። አሁን መልሳ ልትገዛው ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

በሩን ስትከፍት ግማቱ ፊቷን መታት። ወለሉ ላይ ሞራና ፀጉር ተጋግሯል፤ ዝንቦቹ ሰው ሲመጣ እንኳ አይነሡም። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ ግራ አዘነበላት። አምላኩ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ሲነዳ ያጎደጎደው ስፍራ እንደነበረ አለ። መኪናውን የፈለገችው ለዚህ ነበር።

"ትንሽ ትሸታለች እንጂ አንበሳ ነች!" አለ ምንያህል።

ቁልፉን ብታዞር ሞተሩ ተንተባትቦ ጠፋ፤ ወረደች። ምንያህል ኮፈኑን ከፍቶ የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፤ በአፉ ስቦ ጫማዋ አጠገብ ተፋ። ቅባታም እጁን ወንበሩ ላይ ጠረገ። ጽጌ ቱቦውን ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰች።

"ይተዉት፤ ፓምፑ ሞቆ ነው" አለች። ጨርቅ በውኃ አርጥባ ጠመጠመችበት። አምላኩ በበጋ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ጥቂት ቆይታ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ተነሣ።

"ኧረ እትዬ! መካኒክም ነዎት ለካ! ማስተማሩን ይተዉና ጋራዥ እንክፈት!"

አልሳቀችም። ከወንበሩ ስፌት መሐል ነጭ ትል ብቅ ሲል አየች። መሐረቡን መልሳ አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

"አቶ ምንያህል፣ ይህን ግማት ከሥሩ ያጥፉልኝ። ምንም እንዳይቀር። ያኔ እገዛለሁ።"

"ሙሽራ አስመስዬ ነው የማመጣልዎት!"

በሳምንቱ ይዞት መጣ። ወለሉ ተፍቆ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከመሪው ኋላ ላስቲኩ ያልተገፈፈ አዲስ ቀይ ወንበር ተተክሏል።

"የድሮውስ?"

"አቃጠልኩት! ትሉ ውስጡ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከሥሩ አጥፉ አላሉኝም? አዲሱ ከኔ ነው፤ ለጋሼ አምላኩ ስል።"

ደስ ብሎት ቆሞ ምስጋናዋን ይጠብቃል። አመሰገነችው። ምኑን ትቆጣው? መኪናውን ለወንበሩ ብላ እንደምትገዛ አልነገረችውም ነበር። የራሷን አፍንጫ ጠላች።

ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ሽታው ጠፍቷል። አምላኩ ያጎደጎደው ወንበርም የለም።