ሂጂ

ሰባት ዓመት ሙሉ አፏን ያልፈታች ልጅ፣ መጀመሪያ የምታወጣው ቃል ምን ቢሆን ይሻላል? ያን ቅዳሜ ጠዋት የቀድሞዋ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይህን አላሰበችም። የምታስበው ስለ ግራ እጇ ነበር። እጇ ልጅቷ ጭን ላይ አርፏል፤ ጠበቅ ካደረገችው ልጅቷ ትነጫነጫለች፣ ላላ ካደረገችው ደግሞ ከኮርቻው ትንሸራተታለች።

ባዝራዋ ሰጋቱራ በተነጠፈበት ክብ ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ገመዷን የያዘው ፈረስ ጠባቂ ከፊት ሆኖ፣ ዞር ሳይል ይጠብቃል። የቦታው ደንብ ይኸው ነው፤ ቃሉ ካልተባለ ፈረሷ አትነቃነቅም። ልጅቷ ጋማውን እየነካካች ዝም ካለች፣ ከጎን የምትሄደው ዜና አንባቢ በእሷ ፈንታ ትለዋለች። ክረምቱን በሙሉ ስትለው የኖረችው እሷ ነበረች። ልትለውም አፏን ከፈተች።

«ሂጂ» አለች ልጅቷ።

ባዝራዋ ሄደች።

ጠባቂው ገመዱን እንደያዘ አንገቱን ብቻ አዞረ። ከአጥሩ ውጭ የነበረችው እናት በሩን መክፈት ጠፍቷት በእንጨቱ መሀል ሾልካ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁልጊዜም ደረቷ ላይ ስፒሎች እንደተሰኩ ነው የምትመጣው። ፈረስ ስለምትፈራ ከአጥሩ ወዲህ አልፋ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን የባዝራዋን አፍንጫ ሳመች፣ የልጇን ጫማ ሳመች፣ ዜና አንባቢዋን እቅፍ አድርጋ በስፒሎቹ ወጋቻት። «በእናትሽ፣ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት?» አለቻት።

ዜና አንባቢዋ ሬዲዮ ጣቢያው ከሌሎች ጋር ሲያሰናብታት ነው ወደዚህ እርሻ የመጣችው። ልጆች በፈረስ ግልቢያ የሚታከሙበት ቦታ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ፋንድያ ይጠርጋሉ፣ ኮርቻ ይጭናሉ፣ ከልጆቹ ጎን ጎን ይሄዳሉ። ስሟን የሚጠራ የለም። ጠባቂው «ዜና» ብሎ ስም አወጣላት፣ በዚያው ቀረ። ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኛት ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ ይላታል፤ ከፋንድያ በቀር ምንም የለም ትለዋለች። እሱ ለሁሉም ስም አለው። ልጅቷ «ሚጣ» ናት። ባዝራዋ ደግሞ አረማመዷ የተከበረች አሮጊት ስለሚመስል «ወይዘሮ» ናት፤ በአንቱታ ነው የሚያናግራት። «ይራመዱ እንጂ ወይዘሮ፣ ሰው ይጠብቃል» ሲላት ልጆቹ ይስቃሉ።

ቃሉን የመረጠችው ዜና ነበረች። ሕክምናውን የምትመራው ባለሙያ መጀመሪያ «እንሂድ» ብላ ነበር። ዜና ግን ቃልን በአፍ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሳታገላብጥ አንብባ የማታውቅ ሰው ናትና ተከራከረች። «እንሂድ» መሀሉ ላይ ይሰበራል፤ አፏን ላልፈታች ልጅ ከባድ ነው። «ሂጂ» ግን ግማሹ ትንፋሽ ነው፤ ተንፍሶ ጥርስ መግጠም ብቻ። ደግሞስ ፈረሷ ሴት አይደለችም? ባለሙያዋ ሳቀችና እሺ አለች።

ያን ቀን ዜና በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ መስኮቱ ላይ የራሷን ፊት አይታ ፈገግ አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ያነበበችውን አንድ ሰው እንኳ ደግሞት እንደሆነ አታውቅም። አሁን ግን አንዲት ልጅ የእሷን ቃል፣ በእሷው አወጣጥ፣ መጨረሻውን ሳትውጥ ተናግራለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚጣ ቃሉን ደጋግማ አለችው። ከዚያ በኋላ በነበረውም እንዲሁ። ፈረሷ በቆመች ቁጥር ትለዋለች፣ ፈረሷ ትሄዳለች፣ ልጅቷ በደስታ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እናትየዋ ግን ከአጥሩ ራቀች። መጀመሪያ ከዛፉ ሥር፣ ቀጥሎ ከጋጣው ኋላ ውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ያለው አግዳሚ ላይ። ዜና ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብላ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን ልጅቷን ለባለሙያዋ ትታ ሄደችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምነው ሸሸሽን?» አለቻት።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«ዛሬ እኮ ጮክ ብላ ነው የምትለው። ቀረብ ብትዪ ትሰሚያት ነበር።»

«ቤት ስሰማው ነው የምውለው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

እናትየዋ አንዱን ስፒል ከደረቷ ነቅላ መልሳ ሰካችው። «እኔን ነው የምትለኝ» አለች።

ዜና ወዲያው አልገባትም። እናትየዋ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር እንደምታወራ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቁርሷን ስታበላት፣ ሂጂ። ጸጉሯን ስታበጥራት፣ ሂጂ። ልታቅፋት ጎንበስ ስትል፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ሂጂ። ልጅቷ ተቆጥታ አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ሲላት ነው የሚብስባት። ሌላ ቃል የላትም። የራባትም፣ የጠማትም፣ የወደደችም እንደሆነ ያለቻት እሷው አንዲት ቃል ናት።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚኖሩት አማቷ ቤት ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ወዲህ ስልክም አይደውል፤ አማትየዋም ምራቷን የምታያት እንግድነቱ እንደረዘመበት ሰው ነው።

«ሚጣ ባለችው ቁጥር አማቴ ከሳሎን ትጣራለች» አለች እናትየዋ። «‹ሰማሽ? አፏን የፈታችው ይህን ልትልሽ ነው› ትለኛለች።»

«እሷንስ አትላትም? ለእሷም እኮ ያው ነው።»

«ትላታለች እንጂ። ስትላት ግን አማቴ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች።» ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ሰኞ ዕለት ቤት ፈልጊ አለችኝ። ‹ሕፃኗ የልጄ ልጅ ናት፣ የትም አትሄድም፤ አንቺን ግን ራሷ አሰናብታሻለች› አለችኝ። ሥራዬ ሳሎኗ ውስጥ ባለ የስፌት መኪና ነው፤ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ?»

ዜና የምትለው ብዙ ነበራት። ለልጅቷ ቃሉ «ከዚህ ጥፊ» ማለት እንዳልሆነ፣ እንደውም የተገላቢጦሹ እንደሆነ፤ በፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ ግራና ቀኝ ሰው ደግፏት፣ ዓለም እንድትንቀሳቀስላት የምትለው ቃል እንደሆነ አስረዳቻት። እናትየዋ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«አውቃለሁ እኮ፣ እናቷ አይደለሁ?» አለች። «ጠዋት ፊቴን እያየች ስትለኝ ግን ያ ማወቄ የት እንደሚገባ እንጃለት።» ከዚያ፣ «ቃሉን ማነው የመረጠው?» አለች።

«ተመካክረን ነው» አለች ዜና። ድምፅዋ ምንም አልተዛነፈ። የጎርፍና የአውሮፕላን አደጋ ስታነብም አይዛነፍም ነበር።

«‹እንሂድ› ብትሏት ኖሮ» አለች እናትየዋ፣ «እኔንም ይይዘኝ ነበር።»

ቃሉ ይቀየር ያለችው ዜና ናት። ባለሙያዋ አልጣማትም። ሌላ ቃል ከጎኑ ይጨመርላት እንጂ ያላትን አንድ ቃል እንዴት እንነጥቃታለን፤ ቃል እኮ ልብስ አይደለም፣ አውልቀሽ ሌላ አታለብሻትም ብላ ተቆጣች። እናትየዋ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ለመጨመር ጊዜ ይፈጃል፤ አማትየዋ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ያለቻት። ባለሙያዋ ወደ ሁለቱ ሴቶች ተራ በተራ አየችና እስቲ ይሞከር አለች።

በዚያ ቅዳሜ ሚጣ ኮርቻው ላይ እንደወጣች፣ እግሯ እርካብ ውስጥ ሳይገባ፣ «ሂጂ» አለች።

ባዝራዋ እግሯን አነሳች። ጠባቂው እንደታዘዘው ገመዱን ያዘ። «ይቆዩ ወይዘሮ፣ ይቆዩ» አለ ዝግ ብሎ።

«እንሂድ» አለች ዜና። «ሚጣ፣ እንሂድ።»

«ሂጂ።»

«እንሂድ በያት።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የባዝራዋን ጆሮ አየች፣ መስማትና አለመስማቱን ልታረጋግጥ ይመስል። ከዚያ ጮኸች። ቃሉን ደጋግማ እየጮኸች ጋማውን ጎተተች፤ ባዝራዋ መሄድ እየፈለገች ሰጋቱራውን በኮቴዋ ፈነቀለችው። ዜና በዚያ በተገራ ድምፅዋ፣ ከፍም ዝቅም ሳታደርገው፣ «እንሂድ፣ እንሂድ» ትላለች። ለመተው አንድ አፍታ ይበቃት ነበር፤ አልተወችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግማሹን እንኳ ብትሞክረው ብላ ጠበቀች።

ሚጣ መጮኋን አቆመች። አንድ ጊዜ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ በሹክሹክታ «ሂጂ» አለች። ማንም አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ አፏን ገጠመችው።

ጠባቂው ሊታገሥ አልቻለም። ማንንም ሳይጠይቅ በምላሱ ቀጭ አደረገና ባዝራዋን አንቀሳቀሳት። ሜዳውን ዞሩ። ልጅቷ እንደ ተጫነ ጆንያ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ትከሻዋ አልተሰበቀም፣ እጇ ጋማ አልፈለገም። ባዝራዋ ስትቆም ቆመች፣ ስትሄድም ሄደች።

ያወረደቻት እናቷ ናት። ከአጥሩ ኋላ ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ዜና የልጅቷን የግልቢያ ሄልሜት ልትቀበል ስትቀርብ ሰማቻት።

«በይኝ እስቲ» ትላታለች እናቷ። «ሂጂ በይኝ፣ የኔ እናት። በይኝ፣ ምንም አልልሽም።»

ልጅቷ እናቷ ደረት ላይ የተሰኩትን ስፒሎች ታያለች። እናትየዋ አገጯን ቀና አደረገችላት። «ሂ…» ብላ ጀመረችላት፣ አፏን አፏን እያየች። ምንም የለም። ዜና ሄልሜቱን ሳትወስድ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። የእናትየዋ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እናትየዋ ቤቱን ለቅቃ ይሁን፣ ልጅቷ ከእሷ ጋር ትሁን ወይ አያቷ ዘንድ ትቅር፣ እርሻው ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባለሙያዋ ትንሽ ከጠበቀች በኋላ የሚጣን ሰዓት ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ሰጠችው። ዜናን አልወቀሰቻትም። አዲሱ ልጅ የመጣ ቀን ብቻ፣ ኮርቻውን እያጠበቁ ሳለ፣ ለዚህኛውስ የትኛውን ቃል እናድርግለት ብላ ጠየቀቻት።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች ዜና። ፋንድያውን ልትጠርግ ጋጣ ገባች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጆች ጎን እንዳትመደብ ጠየቀች።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ለእናትየዋ የጻፈችው ረጅም ነበር። ቃሉን ማን እንደመረጠው፣ ማን እንደቀየረው፣ ልጅቷ እንደገና ልትናገር እንደምትችል፣ ባለሙያዋም ይህን እንደምታምን። አነበበችው። የሬዲዮ ዜና ይመስላል፤ ሁሉም ትክክል ነው፣ ለማንም አይጠቅምም። አጠፋችው። «ነይ» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ እንደደረሰ ቃሉን እንደገና አየችው። አንዲት ሴት ብቻ ናት የምትጠራው። እናትየዋ ልጇን ይዛ ካልሆነ? ወይ ይዛት ሆና፣ ብቻሽን ነይ የተባለች ቢመስላትስ? ይህችንም አጠፋቻት።

«ኑ» ብላ ጻፈችና ላከችው።

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየ። ዜና መውረጃዋን አልፋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። ሾፌሩ መብራቱን አጥፍቶ እስኪያስወርዳት መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።