ዳርጎ የጠረገችው ባሕር

ሽማግሌው «ሌን በይኝ» እያሉ ሦስት ወር ሙሉ ቢለምኗት ብስራት ስሙ ከአንደበቷ አልወጣ አላት። ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸውን ሰው በባዶ ስማቸው ጠርታ የት ትገባለች? በመጨረሻ «ጋሼ ሌን» ብላ ተገላገለች። እሳቸውም ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ ስላላቸው ለሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ «ስሜ ጋሼ ነው» ማለት ጀመሩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2014 ነው። ብስራት በትዳር ቪዛ ሜልበርን ከገባች ሁለት ዓመቷ ነበር። ከባሏ ከሩቤልና ከአማቷ ከጋሼ ደመላሽ ጋር ዌስት ፉትስክሬይ ትኖራለች፤ ከቤቷ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በአስታማሚነት ትሠራለች። ጋሼ ሌን ሃርቲጋን የዚያ ቤት ነዋሪ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ የቆየ፣ ጆሯቸውና ምላሳቸው ግን ገና ስል የሆነ የቀድሞ መርከበኛ።

አንድ ቀን ከመርከበኞች ማኅበር ደብዳቤ መጣላቸውና ብስራት አነበበችላቸው። በሚቀጥለው ዓመት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ሰባኛ ዓመት ስለሚከበር ማኅበሩ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። የእያንዳንዷ መርከብ ታሪክ እዚያው ላይ ባገለገለ ሰው አንደበት እንዲነገር ይፈልጋል። «ዳርጎ ላይ ካገለገሉት መካከል በሕይወት መኖርዎን የምናውቀው እርስዎን ብቻ ነው» ይላል ደብዳቤው።

«ዳርጎ?» አለች ብስራት እየሳቀች። «በእኛ አገር እኮ ዳርጎ ማለት ከጌታ ቤት በየቀኑ የሚሰፈር ቀለብ ነው።»

«ይቺኛዋ የወንዝ ስም ናት። ግን ቢሆንም አልተሳሳትሽም፤ እኔን አምስት ዓመት ቀልባኛለች» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «እኔ መጻፍ አልችልም። ትጽፊልኛለሽ?»

እንዲህ ተጀመረ። ብስራት ሺፍቷ ሲያልቅ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር አልጋቸው አጠገብ ትቀመጥና ግማሽ ሰዓት ያህል እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አዲስ አበባ እያለች የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች እጇ ፈጣን ነው። እሳቸውም ሲያወሩ እንደ ምስክር ነበሩ፤ ያላዩትን አይጨምሩም፣ ያዩትን አይቀንሱም።

ዳርጎ በ1918 የተሠራች፣ አጥፊ የሚባለው ዓይነት ፈጣን የጦር መርከብ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ አራት ጭስ ማውጫ የደረደረች፣ በሰዓት ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ የምትበር። ሙሉ ፍጥነቷን ስትይዝ ከመንቀጥቀጧ የተነሳ ሰሃኑ በራሱ ከጠረጴዛ እየተራመደ ይወርዳል፤ እሷ ላይ ሳይደፋበት ሻይ የጠጣ ሰው የለም። ጋሼ ሌን በ1941 በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሲቀጠሩባት ያኔውኑ አሮጊት ትባል ነበር። አሮጊቷ ግን ያንኑ ዓመት በሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከአንዲት ደሴት የተሸነፉ ወታደሮችን በሌሊት ስታወጣ፣ መቶ ሠላሳ ሰው በምትይዝ ሆዷ ዘጠኝ መቶ ሰው ጭና ወጣች። ሲነጋ አውሮፕላኖቹ ደረሱባቸው። ካፒቴኑ በጀርባቸው ተንጋለው የሚወርደውን ቦምብ እያዩ «ግራ!» «ቀኝ!» ይሉ ነበር። መርከቧ እንደ ዓሣ እየተጠማዘዘች አንድም ሰው ሳይጎድልባት ወደብ ገባች።

ብስራት እየጻፈች እጃቸውን ታያለች። እነዚህ ስትመግባቸው የሚንቀጠቀጡ እጆች ያንን ሁሉ አድርገዋል ብላ ማሰቡ ራሱ ይገርማታል።

አምስት ገጽ ከሞሉ በኋላ ጋሼ ሌን ቆም አሉ። «በ1943 እዚሁ ሜልበርን፣ ዊሊያምስታውን ያለው መርከብ መጠገኛ አስገቧት። ቶርፔዶዎቿን ነቀሉ፣ የኋላ መድፏን ነቀሉ፣ በቦታው ገመድ መጠቅለያ ዊንች ተከሉና ፈንጂ ጠራጊ አደረጓት። እስከ 1946 ፈንጂ ጠረገች። ጨርሰናል።»

«ሦስት ዓመት እኮ ነው፤ ምንም አልተደረገም?»

«ጥርሷን አወለቁና መጥረጊያ አስያዟት፣ ልጄ። የሌሎቹ መርከቦች ልጆች ወደብ ላይ ሲያገኙን ‹እንደምን አደራችሁ ጠራጊዎች› እያሉ ይስቁብን ነበር። ስለሱ ምን ይጻፋል?»

ማታ እራት ላይ ብስራት ነገሩን አነሳችው። ጋሼ ደመላሽ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ንግግራቸው እያጠረ ሄዷል። ባሕር ኃይል እንደነበሩ ቤተሰቡ ያውቃል። ምጽዋ ላይ ስለሆነው ግን ሩቤል እንኳን ጠይቆ መልስ አግኝቶ አያውቅም።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሼ ደመላሽ።

«ከዚያማ ፈንጂ ጠራጊ ሆነች። ሌላ የሚወራ የለም አሉ።»

ጋሼ ደመላሽ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። «የሚወራ የለም አሉ?»

«መጥረጊያ አስያዟት ነው ያሉት።»

«አንቺ፣ ቅዳሜ ሺፍትሽ ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ሩቤልና ብስራት ተያዩ።

ቅዳሜ መጡ። ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አሳምረው። የጋሼ ሌን በር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙና በዚያ በመጋዘን እንግሊዝኛቸው፣ የበታች ሹምነት ማዕረጋቸውን አስቀድመው፣ «ፔቲ ኦፊሰር ደመላሽ፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፤ ፈንጂ ጠራጊ» አሉ።

ጋሼ ሌን ወደ ድምፁ ዞሩ። «ኢትዮጵያ ባሕር አላት እንዴ?»

«ነበራት» አሉ ጋሼ ደመላሽ።

 ከዚያ ጋሼ ሌን በእጃቸው ወንበሩን አሳዩ።

እንግሊዝኛው የማይበቃቸው ቦታ ላይ ብስራት ታስተረጉም ጀመር፤ ግን ወዲያው ሥራ ፈታች። ጋሼ ደመላሽ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጋውን አወረዱና መቀነቱን መዘዙ። አንዱን ጫፍ ለሽማግሌው በእጃቸው አስያዟቸው፣ ሌላውን ጫፍ አልጋው ላይ አግድም ዘረጉና የሶፍት ካርቶን አሰሩበት። «ይሄ ተንሳፋፊው» አሉ። ብስራት ያን ቀን ነገሩ ገባት። መርከቧ ከኋላዋ ወደ ጎን ረጅም የብረት ገመድ እየጎተተች ትሄዳለች። ፈንጂው ከባሕሩ ወለል በሰንሰለት ታስሮ ውኃ ውስጥ ተደብቋል። ገመዱ ሰንሰለቱን ያገኘዋል፣ ገመዱ ላይ ያለው መቁረጫ ይበጥሰዋል፣ ፈንጂው ብቅ ይላል፤ ያኔ ከርቀት በጥይት ይመቱታል። እንግዲህ ገመዱ ያለው ከኋላ ነው። ከፊት ያለውን ባሕር ግን ማንም አልጠረገውም፤ እዚያ የምትገባው ራሷ መርከቧ ናት።

ጋሼ ሌን መቀነቱን በጣቶቻቸው መሃል እያሳለፉ ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር።

«አንተ የት ነበር የምትቆመው?» አሉ።

«ኋላ። ዊንቹ ላይ።»

«እኔም ዊንቹ ላይ!» አሉና መቀነቱን ሳብ አደረጉት። «ስትስበው ከብዶህ ያውቃል? ያለ ልክ ከብዶህ?»

ጋሼ ደመላሽ ጥያቄው ገባቸውና ቀና አሉ። «አንድ ጊዜ።»

ጋሼ ሌን ሰባ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረውን ነገር ያን ጊዜ አወሩት። 1945 ነው፤ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለች አንዲት ወደብ። ወታደር የጫኑት መርከቦች ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዳርጎ መግቢያውን ትጠርጋለች። አራተኛው ቀን ላይ ገመዱን ሲጠቀልሉ ከበደ። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ተጠላልፎ ፈንጂውን አብሮ ይዞት መጥቷል። ውኃው ውስጥ ሆኖ አዩት፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ከተነካ የሚያፈነዳው ቀንድ የበቀለበት፣ ከመርከቧ ጅራት አራት ክንድ የማይርቅ። ካፒቴኑ ሰውን ሁሉ ወደ ፊት አዘዙ። ዊንቹን ግን አንድ ሰው መያዝ ነበረበት፤ ከለቀቀው ገመዱ ተወርውሮ ፈንጂውን ከመርከቧ ያጋጨዋል፣ ከሳበውም ያው ነው። ቀስ እያለ፣ ጣት በጣት፣ መርከቧ ወደ ፊት ፈቀቅ ባለች ቁጥር ሊያላላው ይገባል።

«ዊንቹን የያዝኩት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው አሉኝ በኋላ» አሉ ጋሼ ሌን። «ሁለት ጊዜ ቀንድ የሌለበት ጎኑ ከመርከቧ የውኃ ውስጥ መሪ ጋር ተነካካ። በእግሬ ሰማሁት። ከዚያ ራቀ፣ ገመዱን ቆረጥነው፣ መቱት። ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ ጠረጋችንን ቀጠልን።»

«ሜዳልያስ?» አለች ብስራት ሳታስበው።

«ለምኑ? ምን ሆነና?»

ጋሼ ደመላሽ በአማርኛ ተናገሩ፤ ለብስራት፦ «ንገሪልኝ። የእኛ ሥራ ሲያምር ወሬ የለውም። ወሬ የሚኖረው ስንሳሳት ነው። እሳቸው ‹ምንም አልሆነም› የሚሉት ያ ምንም ያለመሆኑ ነው ሥራቸው። ደግሞ ጠይቂልኝ፣ በማግስቱ ስንት መርከብ ገባ?»

ጠየቀቻቸው። ጋሼ ሌን ለማሰብ አልዘገዩም። «አርባ አንድ። ቆሜ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዷ ነጭ ነበረች፣ የሆስፒታል መርከብ።»

«አርባ አንድ» አሉ ጋሼ ደመላሽ። «ዘጠኝ መቶ ሰው ያወጣችበትን ቀን አምስት ገጽ ጻፋችሁለት። አርባ አንድ መርከብ ላይ ያለው ሰው ስንት ነው?»

ጋሼ ሌን መቀነቱን አልጋው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ልጄ፣ አዲስ ወረቀት አለሽ?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ደመላሽ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ገመድ ውፍረት ይከራከራሉ፣ ብስራት ትጽፋለች። ዳርጎ በሦስት ዓመት ስልሳ ሦስት ፈንጂ ጠርጋለች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሌላው መርከበኛ አገሩ ገብቶ ሲያገባ፣ እሷ ዓሣ አስጋሪዎች እንዳይሞቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የረሳውን ባሕር ስትጠርግ ቆየች። ዕድሜዋ ሲያልቅ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ የሸኛት ሰው አልነበረም።

ጽሑፉ አሥራ አንድ ገጽ ሆኖ ተላከ። በጥር ወር የመጽሐፉ አዘጋጅ፣ አንዲት ትሑት ሴት፣ ስልክ ደወለች። ብስራት ስልኩን በጋሼ ሌን ጆሮ ላይ ያዘችላቸው። ሴትየዋ ጽሑፉ ልብ እንደሚነካ ተናገረች፤ ግን ለአንድ መርከብ የተመደበው ስድስት ገጽ ነው። ከጠረጋው ክፍል ላይ ብናሳጥረው ቅር ይልዎታል? የሜዲትራኒያኑ ታሪክ አንባቢ የሚወደው ነውና…



«እሱን ቁረጪው» አሉ ጋሼ ሌን።

«ጠረጋውን?» አለች ሴትየዋ።

«ሜዲትራኒያንን። እዚያ ብዙ መርከብ ነበረ፤ እነሱ ይጽፉታል። ጠረጋውን አትንኪብኝ። ከታች ደግሞ ሁለት ስም ይጨመር። የጻፈችው ብስራት፣ ያረመው ፔቲ ኦፊሰር ደመላሽ። ፊደሉን እሷ ትነግርሻለች።»

ሴትየዋ ተሸነፈች። በነሐሴ 2015 መጽሐፉ ሲመጣ ዳርጎ ስምንት ገጽ ይዛ ነበር፤ ሜዲትራኒያን አንድ አንቀጽ ሆና፣ አሥራ አንዱ ደቂቃ ሙሉ ሁለት ገጽ ሆኖ። የመኖሪያው ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ለሰባት ዓመት አብረዋቸው የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተነሥተው አጨበጨቡ፤ መነሣት ያልቻሉት ጠረጴዛውን መቱ። ጋሼ ሌን በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ብስራት ያን ዕለት እሳቸውን ያከበረችውን ያህል በሕይወቷ ሌላ ሰው ያከበረች አይመስላትም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሩቤል መኪናውን አምጥቶ ዳርጎ የተቀየረችበትን ቦታ ሊያሳያቸው ሁሉንም ወደ ዊሊያምስታውን ወሰዳቸው። አጥር ስላለ መግባት አልተቻለም። ጋሼ ሌን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነፋሱን አሸተቱ፣ መድፏ የተነቀለበትን አቅጣጫ በእጃቸው አመለከቱ፤ ይበቃኛል አሉ።

ሲመለሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ሌን ድንገት «አንተ የመጨረሻው ጠረጋህ የት ነበር?» አሉ።

ብስራት ከፊት ሆና ዝምታ ጠበቀች። ጋሼ ደመላሽ ግን በተሰባበረው እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ምጽዋ ከመያዟ ሁለት ቀን በፊት ነው። ቁስለኛና ቤተሰብ የጫነች አንዲት የጭነት መርከብ ልትወጣ ቆማለች፤ መውጫው ላይ ፈንጂ አለ ተብሏል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አጥፍተው ጠረጉ። ሁለት አገኙ። ጎሕ ሲቀድ መርከቧ እነሱ በከፈቱት መንገድ አልፋ ሄደች፤ እሳቸው ዊንቹ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ማን ነበረባት?» አሉ ጋሼ ሌን።

ጋሼ ደመላሽ በአማርኛ፣ ለሽማግሌው ሳይሆን ወደ ፊት ወንበር፣ «አንተ ነበርክባት» አሉ። «አራት ዓመትህ ነው። እናትህ አቅፋህ ነበር። እጇን ስታወዛውዝ አይቻለሁ፤ እሷ ግን እኔ መሆኔን አላወቀችም።»

ሩቤል መስታወቱን ቀና ብሎ አየ። ብስራት ለጋሼ ሌን ቀስ ብላ ተረጎመችላቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው የጋሼ ደመላሽን ክንድ ፈልገው ያዙ።

«አባዬ፣ ቀጥል» አለ ሩቤል።

ጋሼ ደመላሽ ቀጠሉ። ወደ ዌስት ፉትስክሬይ የሚያስገባው መታጠፊያ ደረሰ፤ ሩቤል ሳያየው አለፈው። ማንም አልነገረውም።