ሦስት ቀን ያልነደደ እሳት

«ምነው ይህች ልጅ ዛሬ አልሳለችም?»

ይርጋነሽ ጥያቄውን በሆዷ ያዘችው እንጂ ከአፏ አላወጣችውም፤ ብታወጣውም የሚመልስላት አልነበረም። ከፊቷ የልጅ ልጇ ብሩክታይት የሰልስቱን ሞሰብ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት እየወጣች ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ዳገት በወጣች ቁጥር ሁለት ጊዜ ትቆም ነበር፤ አንድ ጊዜ ከዋንዛው ሥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅጥሩ በር ልትደርስ ስትል፤ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ትስላለች። ዛሬ ዋንዛውን አለፈችው። ቅጥሩ በር ደረሰች። ዘወር አለችና፣

«እምዬ፣ ነይ እንጂ!» አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነው።

ይርጋነሽ መደሰት ሲገባት ፈራች። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሞጣ በመጣች ቁጥር የሰማችው ሳል በሦስት ቀን ወዴት ይሄዳል? ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆን? የልጅቱ እናት፣ የእሷ የራሷ ልጅ ስርጉት፣ ሰኞ ዕለት ከማረፏ በፊት ሳሏ ድንገት ጋብ ብሎላት ነበር። «ተሻላት» ተብሎ ነበር። ማክሰኞ ቀበሯት።

«ቆይ ልጄ፣ ቁሚ። ያፍንሻል?»

«አያፍነኝም።»

«ይወጋሻል?»

«ምንም አይወጋኝ። ምን ሆነሻል፣ እምዬ?»

«እስኪ አንዴ ሳል በይልኝ።»

«ሳል በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?» አለች ብሩክታይት፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ አለ። ይርጋነሽ ፈገግታውን አየችና ደግሞ ሌላ ስጋት ጨመረች። የቀብር አፈር ሳይደርቅ የሚስቅ ልጅ፣ ራሷን አዙሯት ይሆን?

ከሰልስቱ ሲመለሱ ድንኳኑ ሞልቷል። ቤቱ ከቢቸና ወጣ ብሎ ከሞጣው መንገድ ዳር ነው። የሟች ባል ይስማው ከድንኳኑ ራስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ለመጣው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ። በለቅሶ ቤት እስከ ሰልስት እሳት አይነድም፤ የሚያበላው ጎረቤት ነው። እንጀራው በሌማት፣ ወጡ በድስት፣ ቡናው እንኳ ተፈልቶ በፔርሙስ ከየቤቱ ይመጣል።

«እንግዲህ ሰልስቱ ወጣ» አለች አየሁሽ፣ የይስማው እህት፤ ፔርሙሱን እያዘነበለች። ለመንሾካሾክ የተሠራ ድምፅ አልነበራትም። «ነገ እሳቱ ይነድ። የስርጉት የአረቄ ድፍድፍ ደርሷል። ነገን ካለፈ ኮምጥጦ መደፋቱ ነው።»

«ማን ሊያወጣው?» አለች ይርጋነሽ።

«ብሩክታይት ናታ! ከናቷ ጎን ተቀምጣ ያደገች። ያችን ሙያ የምታውቅ ሌላ ማን አለ?»

ይስማው ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን ወይም ለገባ እንግዳ ሰላምታ፣ አልለየም።

ስርጉት አረቄ አውጪ ነበረች። ድፍድፉን በትልቅ ማሰሮ ጥዳ፣ እንፋሎቱን በቱቦ እያቀዘቀዘች፣ ጠብታውን ስትጠብቅ ትውላለች። እሷ ራሷ ጠብታ አትቀምስም። አረቄዋን ግን ከሮብ ገበያ ድረስ መጥተው ይወስዱላታል። ቀኑን ሙሉ ከእሳቱ አጠገብ፤ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጨመረች፣ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ እየሳቀች። ብሩክታይትም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያችው ጎጆ ውስጥ በእሳቱ ብርሃን ታጠናለች። እናትና ልጅ ተራ በተራ ይስላሉ። ስርጉት በዚህም ትቀልድ ነበር፤ «እኔ ስጀምር እሷ ትቀበለኛለች፤ እንደ ደብተራ» ትል ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ሞተር ብስክሌቱን ከአጥሩ አስጠግቶ ገባ። ቦርሳ አንግቷል፤ ፊቱ ላይ የሐዘን ምልክት የለም።

«እንደምን አደራችሁ! እትዬ ስርጉት አለች? ያችን ሰላይ ልወስዳት መጥቼ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጁ ዙሪያውን አየ፤ የተቀመጠውን ሰው፣ የተሸፋፈነውን ይስማውን። ቦርሳው ከትከሻው ወረደ።

«እሷ ናት እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ እንደ ዘመድ አለቀሰ።

ስጦታው ይባላል። የቤት ውስጥ ጭስ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በስርጉት አረቄ ቤት ግድግዳ ላይ ሳሙና የምታህል ነጭ መሣሪያ ሰቅሎ ነበር። «ሰላይ» ብላ ስም ያወጣችላት ስርጉት ናት። ጠዋት እሳት ስታነድ «ዛሬም ልትከሺኝ ነው?» እያለች ታዋራት ነበር።

ልቅሶው ጋብ ሲል ስጦታው መሣሪያዋን ከጎጆው አወጣና በስልኩ ከፈታት። ሊሄድ ሲነሳ ግንባሩን ቋጠረ።

«ተበላሽታለች» አለ። «እስከ ሰኞ ደኅና ነበረች። ከሰኞ ወዲህ ሞታለች።»

«አሳየኝ ልጄ» አለች ይርጋነሽ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ቁጥር አይጠፋትም። ስልኩ ላይ አንድ መስመር አለ፤ በየቀኑ እንደ ተራራ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ከሰኞ በኋላ ግን እንደ ተነጠፈ ሜዳ ዝርግ ነው።

«ይህ ምንድን ነው የሚለካው?»

«አየር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ ነው፣ እማማ። በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከአሥራ አምስት ባይበልጥ መልካም ነው። በእሳቱ ሰዓት እዚህ ሺህ ያልፋል። አሁን ሃያ ሁለት ትላለች። እንዴት ይሆናል?»

«እሳት አልነደደማ!» አሉ አያ ፈረደ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከድንኳኑ ጥግ። «የለቅሶ ቤት መሆኑን ዘንግተኸው ነው? መሣሪያህ አልሞተችም፤ ለቅሶ ተቀምጣ ነው።»

ይርጋነሽ ቆመች። ከሰኞ ወዲህ እሳት የለም። ከሰኞ ወዲህ ሳል የለም።

«እሳት አንድዱ!» አለች። «አሁን! እዚያችው ጎጆ ውስጥ!»

«ኧረ እማማ…» አለች አየሁሽ።

«ሰልስቱ ወጥቷል፤ ይነድ!» አሉ አያ ፈረደ፤ ለማየት የቸኮሉት እሳቸው ናቸው።

ለቀስተኛው ግማሹ ወደ ጎጆው ጎረፈ። ብሩክታይትን ይርጋነሽ ከበር እንዳታልፍ እጇን ይዛ አስቀረቻት። ስጦታው መሣሪያዋን ከቦታዋ ሰቀለ፤ አየሁሽ እያጉረመረመች ኩበት አቀጣጠለች። ሰማያዊው ጭስ መጀመሪያ ተጠቀለለ፣ ከዚያ ጣሪያው ስር ተኛ።

«ሰማንያ!» አለ ስጦታው።

«ኧረ ገና ምኑም አልነደደ!»

«ሁለት መቶ። አራት መቶ ሃምሳ።»

«ወዲያ በል፣ አላየሁትም!» «አንተ ረጅም፣ ጎንበስ በላ!» ሰዎቹ እንደ በሬ ግዢ ተጋፉ። አያ ፈረደ ወደ መሣሪያዋ አፋቸውን አስጠግተው እፍ አሉባት፤ ቁጥሯ ምንም አልመሰላትም።

«ዘጠኝ መቶ! ሺህ አንድ መቶ!»

ሁሉም ይስላል። አያ ፈረደ ይስላሉ፣ አየሁሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስላለች። ከበሩ ውጭ የቆመችው ብሩክታይትም ጀመረች፤ ያው ሳል፣ ያው ደረቅ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው። ይርጋነሽ ያንን ድምፅ ስትሰማ ከደጅ የተጋደመውን ዲጂኖ አነሳች። እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። ሰው እየገፈተረች ገብታ ከማሰሮው በላይ ያለውን ግድግዳ መታችው። አንድ፣ ሁለት። ጭድ የገባበት ጭቃ ረገፈ። ሦስተኛው ላይ የቀን ብርሃን ገባ፤ ጭሱ ተጠምዝዞ ወደ ቀዳዳው ሮጠ።

«ሰባት መቶ» አለ ስጦታው። «አምስት መቶ… እማማ፣ እየወረደ ነው! ሦስት መቶ ሃያ!»

ያኔ እልልታው አመለጣት። ረጅም፣ የሠርግ እልልታ። ከጎጆው ወጥቶ በድንኳኑ ላይ፣ በይስማው ላይ አለፈ።

ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች አየሁሽ። «እማማ፣ የልጅዎ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

ይርጋነሽ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዲጂኖው ወደቀ። ከጎጆው ወጥታ እስከ ድንኳኑ ሄደችና ከይስማው ፊት ተንበረከከች።

«ስማኝ ልጄ። ያች የደረመስኋት መስኮት ነበረች። ስርጉት ራሷ ያስወጣቻት መስኮት። ብሩክታይትን የወለደች ጊዜ ላርሳት ከሞጣ መጣሁ። አራስ ናት፣ ንፋስ ይገባባታል፣ ምች ይመታታል ብዬ ጭቃ አቡክቼ የደፈንኋት እኔ ነኝ። አምና፣ ሳሉ ሲብስባት፣ ‹እማ፣ መስኮቷን ልክፈታት?› አለችኝ። ኧረ ተይ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ ሊመታሽ አልኋት። ሰማችኝ። መቼም ልጄ ቃሌን አልፋ አታውቅ።»

ጋቢው ውስጥ ያለው የይስማው ትከሻ ተንቀሳቀሰ።

«ከብዙ ዓመት ጭስ በኋላ የሞተችው በመስኮቷ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ እማማ» አለ ስጦታው።

«አይቻል ይሆናል። ለእሷ አልደረስሁም። ይህችን ግን ከዚያ እሳት አጠገብ አላስቀምጥም። ወደ ሞጣ እወስዳታለሁ። ዛሬ!»

«ዛሬ?» አለች አየሁሽ። «ሐዘን ሳይወጣ? መስኮቱ ተከፈተ አይደል? ካልሆነም እሳቱን ደጅ እናውጣው።»

ሁሉም ስጦታውን አዩት። «ደጅ ይሻላል» አለ፤ «መስኮትም ይሻላል። አሁንም ግን ሦስት መቶ ነው። ከእሳቱ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ያው ይተነፍሰዋል።»

«እምዬ፣» አለች ብሩክታይት፤ ከኋላቸው ቆማለች፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፤ «እኔ ከሄድሁ አባቴን ማን ያበላዋል?»

«ጎረቤት ያበላዋል። አየሁሽ ታበላዋለች። እኔ በየሳምንቱ መጥቼ አየዋለሁ። ድፍድፉ ይደፋ።»

ይስማው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ከሚስቱ ዓይን ይልቅ ቀልቷል።

«እንዴት ይደፋል እማማ?» አለ። «ጌሾውን የወቀጠችው እሷ ናት። ብቅሉን ያሰጣችው እሷ ናት። መሸጡ መሰለዎት? እጇ ነው እኮ። መጨረሻ የነካችው እሱን ነው።»

አንዲት ሴት ከጥግ ልቅሶ ጀመረች፤ ሌላዋ ያዘቻት። አያ ፈረደ አቀርቅረው ከዘራቸውን በመሬቱ ላይ አሽከረከሩ። ይርጋነሽ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወደ ፊት ሳበቻት፤ አባትየው ፊት እስክትቆም ድረስ።

«ይህችንስ?» አለች። «ይህችን አልነካቻትም?»

ይስማው ልጁን አያት። ብዙ አያት። ብሩክታይት ሳሉን ልትውጠው ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ ሳለች።

ሐዘንተኛ ባል ለቅሶ ሳያልቅ ከምንጣፉ አይነሳም። ይስማው ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። በቤቱ በር ገብቶ፣ የልጁን ደብተሮች ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አነሳ፤ የአማርኛውን፣ የሒሳቡን፣ የሳይንሱን፤ የተጣጠፉ ጠርዞቻቸውን በመዳፉ እያቀና። በጋቢው ቋጠራቸው። ቋጠሮውን ከጀርባው አዘለ፤ እንደ ሕፃን፤ ከቤቱ ወጣ፣ በድንኳኑ መሐል አለፈ፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ ሞጣው መንገድ።