ስልሳ እርምጃ

«ሠላሳ ስድስት!» አለ ለኪው፤ ሜትሩን ደግሞ አየው። ከወንዙ ዳር እስከ ቀዩ ምልክት ያው ሠላሳ ስድስት ሜትር ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከወንዙ ዳር እስከ ሃምሳ ሜትር ድረስ አንድም ዛፍ አይነካም። እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚለካው በእግሩ ነው። ስልሳ እርምጃው ሃምሳ ሜትር መሆኑ አንዴ ተረጋገጠ፣ በቃ፤ ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዞ ጫካ የወጣ የለም። ስልሳ ብሎ በቆመበት ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ቆራጮቹ ከቀዩ ወዲያ ያለውን ይጥላሉ። ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ግንድ ተንከባሎ ጉልበቱን ሲሰብረው እርምጃው እንደሚያጥር አንድ ሰው እንኳ እንዴት አላሰበም? እሱ ራሱስ? አይ ጭንቅላት!

ባለፈው ክረምት የወንዙ ዳር ተንዶ የታችኛው ሰፈር ሦስት ቤት ጭቃ ዋጠው። አንዱ የእህቱ ነው። የታችኞቹ «ዛፉን ጨርሳችሁ ነው» አሉ፤ ቆራጮቹ «ዝናቡ ነው» አሉ። እሱም «ዝናቡ ነው» ብሎ ስለማለ እህቱ ዓይንህን አልይ አለችው። ዛሬ ሜትር ተውሶ የወጣው የእሷንና የሰፈሯን አፍ ላስይዝ ብሎ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ የሞተር መጋዙን ተሸክሞ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ነገረው። ወንድሙ መጋዙን አስቀመጠና ዙሪያውን ቃኘ።

«ማን ሰማ?»

«አንተ።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁ። ሜትሩን ጠቅልለው።»

«የእህታችን ቤት እኮ ነው!»

«የእኔስ ቤት? ሥራው ከተዘጋ አርባ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ደግሞ የሚይዙት አንተን ነው። በዚህ ዕድሜህ እስር ቤት አማረህ?»

ወንድሙ ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስለ ናዳው በተጠራው ስብሰባ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቆራጮቹ በቀኝ፣ የታችኞቹ በግራ ተቀምጠዋል። እህቱ ከፊት ናት፤ ዞር ብላም አላየችው።

«ለኪያችን ያረጋግጥልንና ቃለ ጉባኤው ይፈረም» አለ የሥራው አለቃ። «ልጆቹ ቀዩን መስመር አልፈዋል?»

«የሱ እግር እኮ ሚዛን ነው!» አለ አንድ ቆራጭ፤ ሳቅ ሆነ።

ለኪው ተነሣ። ወንድሙ «እንዳትናገር» በሚል በዝግታ ራሱን ይነቀንቅበታል።

«አላለፉም» አለ። በቀኝ በኩል ጭብጨባው ቀለጠ። «ቆይ፣ አታጨብጭቡ! መስመሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከተሰበርኩ ወዲህ እርምጃዬ አጥሯል። ዛሬ ለካሁት፤ ሃምሳ የምንለው ሠላሳ ስድስት ነው። ሁለት ዓመት የማይነካውን አስቆርጫለሁ።»

ወንድሙ ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ።

«ዝናቡ ነው አልከኝ እኮ» አለች እህቱ። አልጮኸችም። «በጭቃው ላይ ቆሜ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ።»

«አልኩሽ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ የአለቃውን ፊት ያያል፤ አለቃው «ተው» በሚል ዓይን ያፈጥበታል።

«እሱን አትይ፤ ጻፍ» አለ ለኪው ወደ ጠረጴዛው እያነከሰ። «ሠላሳ ስድስት በል። የምፈርመው እኔ ነኝ።»